ድምፅን በእጁ ያበጀው ጆ ሚክ

ሸክላ ሲዘፍን የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ ነው። ቀጥሎም ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውንስ ማን አወጣው ይላል። ድምፁ ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ እስከ እርሱ ጆሮ ድረስ ሲመጣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል ማይክሮፎኑን የሚተክል፣ ድምፁን የሚያጎላና የሚያሳንስ፣ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያዋሕድ አንድ ሠራተኛ አለ። ስሙ በሸክላው ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይጻፍም።

የአገራችን ሰው ሙዚቃ የተቀረጸበትን ክብ ዕቃ ሸክላ ብሎ መጥራቱ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ጭቃ በራሱ ጀበና እንደማይሆን ሁሉ ዘፈንም በራሱ ሸክላ አይሆንም። የሚያቦካው፣ ቅርጽ የሚሰጠውና በእሳት የሚያበስለው ሰው ያስፈልገዋል። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳለት እንግሊዛዊው ጆ ሚክ፣ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን ካስመሰከሩት ሰዎች አንዱ ነው። ዜማ በኖታ መጻፍ አይችልም ነበር፤ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ በወጉ አይጫወትም ነበር። ይሁን እንጂ ከአንድ ሱቅ በላይ በተከራየው ቤት ውስጥ የሠራው ሸክላ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ አንደኛነትን አገኘ። ፍጻሜው ግን እጅግ የሚያሳዝን ነው፤ የራሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የሌላ ሰው ሕይወትም አጥፍቶ ሞተ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

የልጅነቱ ዘመን

ሮበርት ጆርጅ ሚክ፣ በኋላ በዓለም ዘንድ ጆ ሚክ ተብሎ የታወቀው፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1929 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሻየር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኒውንት በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ያዘነበለው ወደ ኤሌክትሪክ ነበር። በቤታቸው ጓሮ የነበረችውን የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ የራሱ የሥራ ቤት አድርጎ አሮጌ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም፣ ሽቦ ከሽቦ ሲያገናኝ ይውል ነበር። ከዚህም ሌላ የልጆች ትርኢት ማዘጋጀት ይወድ ነበር። መሣሪያና ትርኢት፣ እነዚህ ሁለቱ የልጅነት ፍቅሮቹ ናቸው በኋላ በአንድነት ተጋጥመው ሙያ የሆኑለት።

ለአካለ መጠን ሲደርስ በአገሩ ሕግ መሠረት የውትድርና ግዴታውን በእንግሊዝ አየር ኀይል ፈጸመ፤ የተመደበውም በራዳር ቴክኒሺያንነት ነበር። ከአየር ኀይል ከወጣ በኋላ በሙያው ሲሠራ ቈይቶ በ1953 ዓ.ም. በሚድላንድስ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ ሳለ ሸክላ የሚቀርጽ መሣሪያ አገኘና የመጀመሪያ ሸክላውን ቀረጸ። ይህ ሥራ በቀመሰው ጊዜ የኤሌክትሪክ ቈጣሪና የመብራት ሽቦ ከዚያ ወዲያ ሊያረካው አልቻለም። ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሎንዶን ሄደ።

የሎንዶን ሥራና የሎንዶን ሕግ

በሎንዶን ያገኘው ሥራ ለራዲዮ ሉክሰምቡርግ ፕሮግራም ያዘጋጅ በነበረ፣ አይ ቢ ሲ በተባለ የግል ድርጅት ውስጥ ነበር። እዚያም በድምፅ መሐንዲስነቱ ወዲያው ታወቀ።

የሥራውን ልዩነት ለመረዳት በዚያ ዘመን ሸክላ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የ1950ዎቹ የድምፅ መሐንዲስ ትልቁ ተግባሩ በክፍሉ ውስጥ የተሰማውን ሳያዛባ ማስቀረት ነበር። ሙዚቀኞቹ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ማይክሮፎኑ ከመሣሪያዎቹ ራቅ ብሎ ይተከላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጫውተው ይጨርሳሉ። የድምፁን ኀይል የምታመለክተው መርፌ ከቀዩ መስመር እንዳታልፍ በጥብቅ ይጠበቃል። እንደ ኢ ኤም አይ ባለው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ቴክኒሺያኖቹ እንደ ሐኪም ነጭ ካፖርት ይለብሱ ነበር። አሠራሩ ሥርዐት ያለው፣ ንጹሕና የተከበረ ነበር። ነገር ግን ሸክላው የአዳራሹ ቅጂ እንጂ ራሱ የቆመ ነገር አልነበረም።

ጆ ሚክ ይህን ሕግ አልተቀበለም። ማይክሮፎኑን ከመሣሪያው ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ድረስ አቀረበው። ተጫዋቾቹ ድምፃቸው እርስ በርሱ እንዳይቀላቀል በመጋረጃና በሰሌዳ ለያያቸው። መርፌዋንም ወደ ቀዩ መስመር እያሳለፈ ነዳት። ድምፅን በሚያምቅ መሣሪያ በመጠቀምም ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ እንዲል አደረገ። በዚህ ዐይነት የታመቀ ሙዚቃ በትንሽ ራዲዮ እንኳ ሲሰማ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጐልቶ ይወጣል።

የዚህ አሠራር ፍሬ በ1956 ዓ.ም. ታየ። ሃምፍሬይ ሊትልተን የተባለው የታወቀ የጃዝ ትራምፔት ነፊ «ባድ ፔኒ ብሉዝ» የተባለውን ቍራጭ በአይ ቢ ሲ ቀረጸ። ጆ ሚክ የፒያኖውን የግራ እጅ አመታትና የከበሮውን ብሩሽ ከኋላ አምጥቶ ከፊት አቆማቸው። ሊትልተን ይህን አስቀድሞ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እሺ የሚል ሰው አልነበረም። ሸክላው ግን የጃዝ ሙዚቃ እምብዛም በማይደርስበት በእንግሊዝ የሃያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከ12 ዓመት በኋላ ቢትልስ «ሌዲ ማዶና»ን ባወጡ ጊዜ የፒያኖው አመታት ይህንኑ ሸክላ እንደሚያስታውስ ብዙ ሰው ተገንዝቧል።

በዚያው ዓመት አን ሼልተን የተባለችው ዘፋኝ ስለ አንድ ወታደርና ስለ እጮኛው የሚናገር የሰልፍ ዘፈን ስትቀርጽ ጆ ሚክ በሣጥን ውስጥ ጠጠር ጨምሮ እየነቀነቀ የወታደሮችን እርምጃ ድምፅ አስገባበት። አድማጩ ጠጠሩን አላየም፤ የሰማው የሚጓዝ ሠራዊት ነው። ሸክላው በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሸክላ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ስላልሆነ ሠሪው እውነተኛውን ነገር ለማምጣት አይገደድም፤ ለጆሮ እውነት የሚመስለውን መፍጠር ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ዴኒስ ፕሬስተን ከተባለው አዘጋጅ ጋር ሆኖ የላንስዳውን ስቱዲዮ እንዲቋቋም ረዳ። ነገር ግን ጆ ሚክ ቍጡና ተጠራጣሪ ነበር፤ ከሰው በታች ሆኖ መሥራት አልሆነለትም። በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ተጣልቶ ወጣ።

በገዛ ራሱ መቆም

በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ ትራያምፍ የተባለ የሸክላ ድርጅት ከሌሎች ጋር አቋቋመ። ማይክል ኮክስ የዘፈነው «አንጀላ ጆንስ» በእንግሊዝ ዝርዝር ሰባተኛ ሆነ። ችግሩ ግን ሕዝቡ ሲፈልገው ትንሹ ድርጅት የሚበቃ ሸክላ ማስቀረጽ አለመቻሉ ነበር። ዕቃው ተወዶ ገበያ ሳይደርስ መቅረቱ ጆ ሚክን እጅግ አበሳጨው። ስለ ጨረቃ ኑሮ በምናቡ ያሰበውን «አይ ሂር ኤ ኒው ወርልድ» የተባለ እንግዳ ሥራም በዚሁ ጊዜ አዘጋጀ። ከዚህ የመጀመሪያው ክፍል 99 ቅጂ ብቻ ተባዝቶ ቀረ። ሙሉው ሥራ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 ዓ.ም.፣ ሠሪው ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህም በኋላ ሻለቃ ዊልፍረድ ባንክስ የተባሉ ነጋዴ ገንዘብ አውጥተውለት አር ጂ ኤም ሳውንድ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው አዲስ ልማድ አመጣ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሸክላው ንግድ በአራት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ እነርሱም ኢ ኤም አይ፣ ዴካ፣ ፓይና ፊሊፕስ ናቸው። ስቱዲዮው የእነርሱ፣ መሐንዲሱ የእነርሱ፣ ዘፋኙም በውል የታሰረው ለእነርሱ ነበር። ጆ ሚክ ግን ዘፋኙን ራሱ መረጠ፤ ዘፈኑን ራሱ ቀረጸ፤ ያለቀለትን ቴፕ ይዞ ሄዶ ለኩባንያዎቹ አከራየ። እንደ ሸማኔ ነው፤ ነጋዴው የሸማኔው ጌታ ሳይሆን የሸማው ገዢ ሆነ። ከእርሱ በፊት በእንግሊዝ አገር ይህን መንገድ የሞከሩ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእርሱ በኋላ ግን የተለመደ ሆኗል።

ከቆዳ ዕቃ መደብር በላይ

በሰሜን ሎንዶን ባለው በሆሎዌይ መንገድ፣ ቍጥር 304፣ አንድ የቆዳ ዕቃ መሸጫ መደብር ነበረ። ከመደብሩ በላይ ያሉትን ፎቆች ጆ ሚክ ተከራየና መኖሪያውንም ስቱዲዮውንም በዚያው አደረገ። የመደብሩ ባለቤትና አከራዩ ወይዘሮ ቫዮሌት ሼንተን ነበሩ። ሽቦው በወለሉ ላይ እንደ ሐረግ ይሳባል፤ ቴፑ በየጥጉ ይከመራል። አውቶቡስ በመንገዱ ሲያልፍ መቅረጽ ይቋረጥ ነበር።

ዘፋኙ ሳሎን ውስጥ ይቆማል፤ ቫዮሊን ነጆቹ በደረጃው ላይ ይደረደራሉ፤ አጃቢ ድምፃውያን ደግሞ መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። ይህ የቦታ ጥበት ያመጣው ብቻ አልነበረም። የአገራችን አዝማሪ ማሲንቆውን በሣር ቤት ሲጫወትና ግንቡ በሚያስተጋባ ትልቅ አዳራሽ ሲጫወት ድምፁ አንድ እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ለስላሳና ጠንካራ ስለ ሆነ ድምፁን መልሶ ይወረውራል። ጆ ሚክ ቤቱን ራሱን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተጠቀመበት።

የገደል ማሚቶ የሚመስል ድምፅም በገዛ እጁ በሠራው መሣሪያ ይፈጥር ነበር። ድምፁ በብረት ሞላ ላይ እንዲያልፍ ሲደረግ ሞላው ይንቀጠቀጥና ድምፁ ተጎትቶ፣ ተንዘርፍፎ ይወጣል። ሌላው ዘዴው ድምፅ በድምፅ ላይ መደረብ ነው። በአንድ መኪና የተቀረጸውን ከፍቶ ሲያሰማ፣ ዘፋኙ በላዩ ሲዘፍን፣ ሁለቱን በአንድነት በሌላ መኪና ይቀርጻቸዋል። ይህንንም ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። በየድግግሞሹ የቴፑ ሹክሹክታ ስለሚጨምር ሌላው መሐንዲስ ይህን ይፈራ ነበር፤ እርሱ ግን በድምፁ ብርታት ሸፈነው። ቴፑን በዝግታ ቀርጾ በፍጥነት በማሰማትም ድምፁን ያቀጥነውና ያስቸኵለው ነበር።

ዜማ የሚያወጣበት መንገድም ልዩ ነበር። ኖታ ስለማያውቅ ሌላ ሙዚቃ እየተሰማ ያንጐራጕራል፤ ጩኸቱንም በቴፕ ይቀርጸዋል። አዋቂ ሙዚቀኛ ይህን ሰምቶ ዜማውን ከመካከሉ ለቅሞ ያወጣለታል። ለጆሮው የሚታገሡት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሥራው ሁሉ በጕሮሮው ተቀብሮ በቀረ ነበር።

ከነዚህም ዋነኛው ጄፍ ጎዳርድ የተባለ ፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ነው። በ1961 ዓ.ም. የጎዳርድን «ጆኒ ሪሜምበር ሚ» ጆን ሌይተን የተባለ ወጣት ተዋናይ ዘፈነው። የዘፈኑ ነገር ስለ ሞተች ፍቅረኛ ነው። ጆ ሚክ የፈረስ ግልቢያ የሚመስል ምት፣ ከሩቅ እንደ ነፋስ የምትጣራ የሴት ድምፅና ጥልቅ ማሚቶ ጨመረበት። ሌይተን በቴሌቪዥን ትርኢት ላይ ዘፈነውና ሸክላው በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። በአንድ ኪራይ ቤት የተሠራ ሸክላ የታላላቆቹን ስቱዲዮዎች ሥራ በለጠ።

ቴልስታር

ጁላይ 10 ቀን 1962 ዓ.ም. አሜሪካኖች ቴልስታር የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ላኩ። በጥቂት ቀናት ውስጥም የቴሌቪዥን ሥዕል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተሻገረ። ጆ ሚክ ይህን ባየ ጊዜ ዕረፍት አጣ። ከልጅነቱ የወደደው ነገር ሁሉ፣ ራዲዮው፣ ራዳሩ፣ የሰማዩ ምስጢር፣ በአንድ ነገር ተሰብስቦ መጣለት። ዜማውን አንጐራጕሮ ቀረጸ።

ዜማውን የተጫወቱለት ቶርናዶስ የተባሉት አምስት ወጣቶች ናቸው። በዚያ ክረምት ግሬት ያርመዝ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ቢሊ ፉሪ የተባለውን ዘፋኝ ያጅቡ ስለ ነበር ለመቅረጽ የመጡት በዕረፍት ቀናቸው ነው። በጥድፊያ ተጫውተው ሳይጨርሱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ዋናውን ዜማ በኋላ በላዩ የደረበው ጎዳርድ ነው። የተጫወተውም ክላቪዮሊን በተባለ፣ ፈረንሳዊው ኮንስታንት ማርቲን በ1947 ዓ.ም. በፈጠረው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ በሚያወጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ጆ ሚክ በመጀመሪያው ሮኬት ሲነሣ የሚመስል ጕርምርምታ፣ በመጨረሻውም ወደ ሩቅ የሚጠፋ ድምፅ ጨመረበት።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ይህን ያስተውሉ። እነዚህ ተጫዋቾች «ቴልስታር»ን በመድረክ ቢጫወቱት ያው ነገር አይሆንም ነበር፤ ምክንያቱም ያ ድምፅ በየትኛውም ክፍል ውስጥ፣ በየትኛውም ሰዓት በአንድ ጊዜ ተሰምቶ አያውቅም። የተወለደው በቴፑ ላይ ነው። ሸክላው የሌላ ነገር ቅጂ አልነበረም፤ ራሱ ዋናው ነበር። የጆ ሚክ ሕይወት በሙሉ የተናገረው ነገር ይህ ነው ብንል አንሳሳትም።

ዴካ ኩባንያ «ቴልስታር»ን ኦገስት 17 ቀን አወጣው። በእንግሊዝ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በዲሴምበርም በአሜሪካ ዝርዝር አንደኛነትን ይዞ ሦስት ሳምንት ቈየ። በቢልቦርድ የመቶዎቹ ዝርዝር ላይ የእንግሊዝ ባንድ አንደኛ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ቢትልስ ይህን ያገኙት በ1964 ዓ.ም. ነው። በመላው ዓለም ከ5 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል። አይቮር ኖቬሎ የተባለው የአገሩ የዜማ ደራሲዎች ሽልማትም ተሰጠው።

የታገደው ገንዘብ

ዝናው ሲመጣ ሀብቱ አልመጣም። በ1963 ዓ.ም. ዣን ለድሩ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ «ቴልስታር» «ኦስተርሊትዝ» ለተባለው የ1960 ፊልም ከጻፍኩት የሰልፍ ዜማ የተወሰደ ነው ሲል ከሰሰ። ክሱ እስኪወሰን ድረስ ለደራሲው የሚገባው ገንዘብ ታገደ። በሚሊዮን የተሸጠ ሸክላ ደራሲ ከዋናው ድርሻው አንድ ሳንቲም ሳያይ ኪራይና ዕዳ ያስጨንቀው ጀመር።

በዚያው ዓመት ሌላ መከራ ደረሰበት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ በወንዶች መካከል ያለውን ግንኙነት እንደ ወንጀል ይቈጥር ስለ ነበረ በዚሁ ጕዳይ ተከሶ 15 ፓውንድ መቀጫ ከፈለ፤ ወሬውም በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ እያስፈራሩ ገንዘብ የሚጠይቁት ሰዎች ነበሩ። ይህ ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የተሻሻለው በጁላይ 1967 ዓ.ም.፣ እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የእጁ ጥበብ ገና አልነጠፈም ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሐኒኮምብስ የተባሉት ወጣቶች «ሀቭ አይ ዘ ራይት» የተባለውን ዘፈን በሆሎዌይ መንገድ ቀረጹ። የከበሮው ምት ያንሳል ብሎ ስላሰበ ሙዚቀኞቹን በእንጨቱ ደረጃ ላይ አቁሞ እግራቸውን እንዲረግጡ አደረገ፤ ማይክሮፎኖቹንም ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች የሱሪያቸውን እግር በሚያስሩበት ማያዣ ከደረጃው መደገፊያ ጋር አሰራቸው። ታምቡሪንም በማይክሮፎኑ ላይ አስመታ። ሸክላው በእንግሊዝ አንደኛ፣ በአሜሪካ አምስተኛ ሆነ።

ነገር ግን ይኸው ሸክላ ወዳጁን አሳጣው። ጎዳርድ ዘፈኑ ከእኔ ድርሰት የተወሰደ ነው አለ፤ ጆ ሚክም አልደገፈውም። ብዙ ዜማዎቹን ያወጣለትና «ቴልስታር»ን በጣቶቹ ያዜመለት ሰው ተቀይሞ ተለየው፤ ከሙዚቃው ንግድም ወጣ። እርሱ ራሱ በዜማ ስርቆት ክስ ሲሠቃይ የወዳጁን ተመሳሳይ አቤቱታ ሳይሰማ መቅረቱ የሕይወቱ አንዱ ምሬት ነው።

ፍጻሜው

ከ1965 ዓ.ም. በኋላ ዘመኑ ተለወጠበት። የራሳቸውን ዘፈን የሚጽፉ ባንዶች ተነሡ። ታላላቆቹ ስቱዲዮዎችም ብዙ ድምፅ ለየብቻ የሚቀርጹ አዳዲስ መኪናዎች አስገቡ፤ እርሱ ብቻውን በኪራይ ቤት ያደርገው የነበረውን መደረብ፣ ማመቅና ማሚቶ መጨመር ሁሉ የዕለት ተዕለት ሥራቸው አደረጉት። መንገዱን የጠረገው ሰው ሌሎች በመንገዱ ሲያልፉ ከዳር ቆሞ ቀረ።

እንቅልፍ የሚነሡና እንቅልፍ የሚያመጡ ኪኒኖችን ማዘውተሩ አእምሮውን አደከመው። ተቀናቃኞቹ በግድግዳው ውስጥ ማይክሮፎን ደብቀው ምስጢሩን እንደሚሰርቁ ያምን ጀመር። የሙታን መናፍስትን መጥራትም ከያዘው ቈይቶ ነበር፤ በተለይ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ የሞተውን አሜሪካዊ ዘፋኝ በዲ ሆሊን እጅግ ይወደው ስለ ነበር ከእርሱ ጋር እነጋገራለሁ ይል ነበር። ሰው ሲያጣ መናፍስትን፣ እውነት ሲርቀው ጥርጣሬን ወዳጅ አደረገ።

ከአከራዩ ከወይዘሮ ሼንተን ጋርም መኳረፍ ነበር። ከላይ የሚመጣው ጩኸት ሲበዛባቸው በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድቡ እንደ ነበር፣ እርሱም በእልህ ድምፅ ማጉያውን ወደ ደረጃው አዙሮ ይብስ ያስጮኸው እንደ ነበር ይነገራል። እንዲህም ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት ታግሠው አኑረውታል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዲ ሆሊ በሞተ በስምንተኛ ዓመቱ ዕለት፣ ወይዘሮ ሼንተን ሊያነጋግሩት ወደ ላይ ወጡ። ክርክር ተነሣ። ከዘፋኞቹ የአንዱ የሆነ የአደን ጠመንጃ በቤቱ ነበረ። ጆ ሚክ በዚያ ጠመንጃ ወይዘሮ ሼንተንን ገደለ፤ ወዲያውም ራሱን ገደለ። ዕድሜው 37 ነበር። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ኒውንት ተወስዶ ተቀበረ።

ስለ ባለሙያ ሲጻፍ የሥራው ታላቅነት ጥፋቱን እንዲሸፍን ማድረግ የተለመደ ነው። እኛ ግን እንዲህ ማድረግ አይገባም እንላለን። ወይዘሮ ሼንተን መደብራቸውን ከፍተው የዕለት ሥራቸውን ሲሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የጆ ሚክ ድካምና ሕመም ሊያሳዝነን ይገባል፤ የእርሳቸው ሞት ግን የእርሱ ታሪክ ማጌጫ አይደለም።

ጆ ሚክ ከሞተ በኋላ የ«ቴልስታር» ክስ ለእርሱ ወገን ተወሰነ። ገንዘቡ ተለቀቀ፤ የሚቀበለው ግን አልነበረም። ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ናት የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ፍሬው እስኪደርስ ድረስ ሰው የሚደገፍበት ወዳጅ ያስፈልገዋል። ጆ ሚክ ያጣው ይህን ነው።

ቀሪው ሥራው

ከሞተ በኋላ በቤቱ የተገኙት ቴፖች በ67 የሻይ ቅጠል ሣጥኖች ተሞልተው ተሸጡ። የገዛቸው ክሊፍ ኩፐር በወጣትነቱ በዚያው ቤት ከባንዱ ጋር የቀረጸ ሰው ነው፤ ከ50 ዓመት በላይም ጠብቆ አቈያቸው። በ2020 ዓ.ም. ቼሪ ሬድ የተባለው የሸክላ ድርጅት ገዛቸውና ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ። ስለ ሕይወቱም ቴአትርና ፊልም ተሠርቷል።

የጠፈሯ ቴልስታር ከተላከች ገና ዓመት ሳይሞላት፣ በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ መሣሪያዋ ተበላሽቶ ዝም አለች። ሸክላው ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ዛሬ አንድ ወጣት በቤቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ዘፈን ሲያቀነባብር፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደርብ፣ ማሚቶ ሲጨምር፣ ከበሮውን ወደ ፊት ሲያመጣ፣ ያለ ትልቅ ስቱዲዮና ያለ ነጭ ካፖርት ሸክላ መሥራት እንደሚቻል በሆሎዌይ መንገድ ያሳየውን ሰው ፈለግ መከተሉ ነው፤ ስሙን ባያውቀውም።

ስለዚህ አንድ የምንወደው ዘፈን ከራዲዮ ሲመጣ ዘፋኙን እናመስግን፤ ደራሲውንም አንርሳ። ከዚያ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ሰጥተን ከበሮው ለምን ከፊት እንደ ቆመ፣ ድምፁ ለምን ከሩቅ ሸለቆ እንደሚመጣ ሆኖ እንደሚሰማ እንጠይቅ። መልሱ ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ አንድ ስሙ ያልተጠራ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛውም ሰው ነውና ሲሠራ ምስጋናው፣ ሲደክምም የሚያነሣው ወዳጅ አይጉደልበት።